ደጁ የማይከፈት ቤት፤ የአማርኛ ድረ ገጾች በካርቱም አንባቢ ዓይን ሲመዘኑ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (አፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.) ቅዳሜ ማለዳ በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዴም፣ በጅሬፍና በሌሎችም ሰፈሮች ኑሮ መሥርተው የቆዩ ኢትዮጵያውያን መልስ የሚሹላቸው ጥያቄዎች ጥቂትና ግልጽ ነበሩ። ከከተማው የሚያስወጣው መንገድ የትኛው ነው? በገዳሪፍ በኩል ገላባት ደርሶ ወደ መተማ ለመሻገር ምን ሰነድ ይጠየቃል? መታወቂያው የጠፋበት ሰው ማንን ያነጋግራል? በየትኛው ስልክ ቁጥር?

ይህን የመሰለ መልስ የያዘ የአማርኛ ገጽ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ማስታወቂያው ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተለጠፈ ከሆነ፣ ኔትወርኩ በተዳከመበት ከተማ ሥዕሉ እስኪከፈት የስልኩ ባትሪ ያልቃል። ቢከፈትም ፊደሉ ደቅቆ አይነበብም። ስልክ ቁጥሩ የሥዕሉ አካል ስለሆነ ነክቶ መደወል አይቻልም፤ በሌላ ወረቀት ላይ መገልበጥ ግድ ይላል። ከላይ የተጻፈውም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓ አይታወቅም። ቤቱ አለ፣ ባለቤቱም ውስጥ ተቀምጧል፤ ደጁ ግን አይከፈትም።

የድረ ገጽ አሠራር ጉዳይ በአማርኛ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ እንደ ጌጥ ጉዳይ ይታያል። ቀለሙ ያምራል፣ አርማው ይሽከረከራል፣ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል ይባላል። ከካርቱም አንባቢ አኳያ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥሩ ድረ ገጽ ማለት የተቸገረ ሰው፣ ርካሽ ስልክ ይዞ፣ በደካማ መስመር፣ የፈለገውን ነገር በአጭር ጊዜ አግኝቶ የሚወጣበት ገጽ ማለት ነው። የአማርኛ ድረ ገጾች በዚህ ሚዛን ሲቀመጡ ምን ያህል ይደፋሉ? ጉድለታቸውስ ከየት መጣ?

የብራናው ሥርዓት

ብዙ ሰዎች የገጽ አሠራር ጥበብ ከኮምፒዩተር ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ዕውቀት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በግዕዝ ፊደል ገጽ ሲዘጋጅ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በወስፌ እየበሳ መሥመር ያሰምራል፤ ዓምዱን ይለካል፤ ዙሪያውን ሰፊ ባዶ ኅዳግ ይተዋል። ብራና ውድ ነገር ነው፤ ከበግና ከፍየል ቆዳ ተፍቆ ይገኛል። ውድ ከሆነ ታዲያ ለምን ባዶ ቦታ ይተዋል? ዓይን ማረፊያ፣ እጅም መያዣ ስለሚያስፈልገው ነው። ገጹን በሁለት ዓምድ መክፈሉም እንዲሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሥመሩ አጭር ሲሆን ዓይን ከአንዱ መሥመር መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ሳይስት ይመለሳል።

ቀይ ቀለምም ሥርዓት ነበረው። የሚገባው ለአርእስት፣ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ነው። ጸሐፊው ቀዩን ቆጥቦ ስለሚጠቀምበት አንባቢው ገጹን ገና ሲገልጥ የት እንደሚጀመር፣ የት ላይ ቆም ማለት እንደሚገባ ያውቃል። በምዕራፍ መግቢያ ላይ የሚሳለው ሐረግም ቢሆን ከውበቱ ባሻገር «ከዚህ ይጀመራል» ብሎ የሚናገር ምልክት ነው።

ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ በካርቦን ምርመራ በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የተዘጋጁ ናቸው ተብለው የሚገመቱት ማለት ነው፣ በመጀመሪያ ገጾቻቸው ላይ የአውሳብዮስ ዘቂሳርያን ሰንጠረዦች ይዘዋል። እነዚህ 10 ሰንጠረዦች በአንዱ ወንጌል ያለው ታሪክ በሌሎቹ ወንጌሎች በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ በቁጥር ያመለክታሉ። አንባቢው ቁጥሩን ይዞ ከማቴዎስ ወደ ሉቃስ፣ ከሉቃስ ወደ ዮሐንስ ይሻገራል። ዛሬ ሊንክ ወይም ማስፈንጠሪያ የሚባለው ነገር ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በጣት ከመግለጥ ይልቅ በጣት መንካቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የዛሬው የአማርኛ ድረ ገጽ ከዚህ ውርስ ምን ያህሉን ይዟል ቢባል፣ መልሱ ደስ አያሰኝም። በብዙዎቹ ገጾች ላይ ኅዳግ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ ቦታ የተገኘ እንደሆነ ማስታወቂያ ይሞላበታል። አርእስቱ ቀይ፣ ዜናው ሰማያዊ፣ ከጎን የሚሮጠው ጽሑፍ ቢጫ ይሆናል። ሁሉም ሲጮህ የሚሰማ የለም፤ ሁሉም ቀይ ሲሆንም ቀይ መባሉ ትርጉም ያጣል። ዓለም አቀፉ የድር ጥምረት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር በገጽ ላይ እንዳይኖር አሳስቧል፤ ምክንያቱም የሚጥል ሕመም ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። በዚያው መመሪያ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ተቀምጧል። በፈዛዛ ግራጫ ላይ በነጭ የተጻፈ አማርኛ ይህን ፈተና አያልፍም። በካርቱም የቀትር ፀሐይ ደጅ ቆሞ ስልኩን ለሚያነብ ሰው ደግሞ ገጹ ጨርሶ እንደ ባዶ ነው።

ሁለት ዓይነት ፊደል

የአማርኛ ድረ ገጽ ችግር ግማሹ የሚመነጨው ከራሱ ከፊደሉ ታሪክ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. በሮማ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ፊደሉ ወደ አዲስ መሣሪያ በተሻገረ ቁጥር መሣሪያው የተሠራው ለሌላ ፊደል ሆኖ ይገኛል። የጽሕፈት መኪናም፣ ኮምፒዩተርም የተሠሩት ጥቂት ፊደል ላለው ጽሕፈት ነበር።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው በብልሃት ነበር። የላቲን ፊደል በተመደበለት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይተካል። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች በየቢሮው ገብተው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ውለታቸው አይካድም። ሆኖም የአንዱ አመዳደብ ከሌላው ስለማይገጥም፣ ያ ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይታይ ነበር። በካርቱም የኢንተርኔት ቤት የተቀመጠ አንባቢ የአገር ቤት ጋዜጣ ለማንበብ መጀመሪያ ፎንት አውርዶ መጫን ነበረበት። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ካልፈቀደለት ከፍሎ በገባበት ሰዓት ትርምሱን አይቶ ይወጣል።

መፍትሔው የመጣው በሴፕቴምበር 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ ከ340 በላይ ለሚሆኑ የግዕዝ ምልክቶች የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሲሰጥ ነው። ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላም የፊደሉ ቅርጽ በየመሣሪያው እስኪገባ ድረስ ዓመታት አልፈዋል። ማይክሮሶፍት በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ናያላ የተባለውን ፎንት ሲያካትት፣ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ቻለ። ዛሬ በማንኛውም ስማርት ስልክ ላይ ማለት ይቻላል አማርኛ ይነበባል።

መሣሪያው ከተገኘ በኋላ ግን ልማዱ አልተለወጠም። ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ዛሬም ጽሑፋቸውን በፎቶግራፍ ወይም በስካን ፒዲኤፍ ይለጥፋሉ። ይህ ልማድ ሦስት ሰዎችን ከደጅ ያስቀራል። የመጀመሪያው በመፈለጊያ ሞተር የሚፈልገው ሰው ነው፤ በሥዕል ውስጥ የተጻፈ ቃል ተፈልጎ መገኘቱ አጠራጣሪ ነውና። ሁለተኛው ዓይነ ስውሩ ነው፤ ጽሑፍ እያነበበ የሚያሰማው ፕሮግራም ፎቶግራፍ ፊት ሲደርስ ዝም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጽሑፉን ገልብጦ ለሌላ ሰው ሊልክ ወይም ወደ ዐረብኛ አስተርጉሞ ለሱዳናዊ አሠሪው ሊያሳይ የሚፈልገው ሰው ነው። ማኅተሙ እንዲታይ ከተፈለገ ፎቶግራፉን ከሥር ማስቀመጥ ይቻላል። ጽሑፉ ግን ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ።

የፊደሉ ጠባይም መታወቅ አለበት። በግዕዝ ፊደል በንና ቡን፣ ለንና ሉን የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ነው። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለአማርኛ አይበቃም፤ ፊደሉ ሲያንስ ቅጥያው ይጠፋል፣ ሲወፍር ደግሞ ቀዳዳው ይደፈናል። ማጋደልም የፊደሉ ባሕል አይደለም፤ አርእስት ለመለየት መጠኑን ማሳደግ ይበቃል። የመሥመሮቹ ርቀት ሰፋ ማለት አለበት። እንደ «እንደሚያስፈልጋቸው» ያለ 11 ፊደል ያለው ቃል በጠባብ ስልክ ላይ ሲወድቅ፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን የተገደደ ዓምድ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ቀዳዳ ያወጣል። ጥንት ቃል በሁለት ነጥብ ስለሚለይ ጸሐፊው ቃሉን የትም ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መሥመር ያሻግር ነበር። ነጥቡ ቀርቶ ባዶ ቦታ ሲተካው ያ ነጻነት አብሮ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ የሚሻለው ቀኙን ዳር እንዳለ መተው ነው።

የሚመዝነው ገጽ

ቀጥሎ የሚነሣው የክብደት ጉዳይ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዛሬው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 3,000 ፊደላት ያሉት ረጅም ማስታወቂያ እንግዲህ 9,000 ባይት ገደማ ነው። ያው ማስታወቂያ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ 1 ሜጋባይት ቢመዝን ክብደቱ ከ100 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የተጨመረው ዕውቀት ግን የለም።

የአጠቃቀም ሊቅ የሆነው ጃኮብ ኒልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት የትዕግሥት ወሰኖችን አስቀምጧል። በ0.1 ሰከንድ የተሰጠ ምላሽ ወዲያው የተሰጠ ይመስላል፤ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ የሰው ሐሳብ አይቋረጥም፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ የተባለው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ስለተቀመጠ ሰው ነው። በካርቱም ግን ኢንተርኔት ራሱ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ የማይገኝበትም ጊዜ አለ። ከጁን 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋርጦ ነበር። ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በጦርነቱ ወቅት በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ዋና ዋና የስልክ ድርጅቶች መስመር በአንድነት ተቋረጠ፤ በየሰፈሩም ሰው በሳተላይት በሚሠራ ኢንተርኔት ዙሪያ ተሰብስቦ በሰዓት እየከፈለ ይጠቀም ጀመር።

እንዲህ ባለ ሰዓት ገጹ ሲከፈት በቅድሚያ የሚመጣው የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ፣ ተንሸራታች ሥዕልና በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ ከሆነ አንባቢው የከፈለበትን ደቂቃ የበላው የማይፈልገው ነገር ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ማስፈንጠሪያ ብቻ ነበረው። ወደዚያ ዘመን እንመለስ የሚል የለም፤ ሥዕልም ቦታ አለው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት፤ ጽሑፉ ይቅደም፣ ሥዕሉ ይከተል፣ ቪዲዮው ሰው ሲጠይቀው ይምጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማሳየት የቸኮለ ገጽ አንዱንም ሳያሳይ ይቀራል።

ቀኑ የማን ነው?

ከጉድለቶች ሁሉ ቀላሉ፣ ግን ጉዳቱ የከፋው፣ የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ነው። አንድ ገጽ ላይ «12/5/2015» ተብሎ ቢጻፍ ምን ማለት ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ቀድሞ ከተጻፈ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ወሩ ከቀደመ ነሐሴ 5 ቀን ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ወይ ሜይ 12 ቀን 2015፣ ወይ ዲሴምበር 5 ቀን 2015 ነው። አራት ትርጉም ያለው ቀን ቀን አይባልም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የኢትዮጵያን የወር ስም ከአውሮፓ ዓመት ጋር አዳቅሎ «15 ሚያዝያ 2023» ብሎ መጻፍ ነው። አፕሪል 15 የዋለው ሚያዝያ 7 ቀን ሲሆን፣ ሚያዝያ 15 ደግሞ አፕሪል 23 ነው። በመካከሉ ስምንት ቀን ጠፍቷል። በጦርነት ከተማ ስምንት ቀን የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለው ለኢትዮጵያዊ ግልጽ ቢሆንም፣ «3፡00» ተብሎ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ሌሊት ሊመስል ይችላል። በዚህ ላይ ሱዳን ከኖቬምበር 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዓቷን ስለለወጠች የካርቱም ሰዓት ከአዲስ አበባው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ከአዲስ አበባ የሚጻፍ ማስታወቂያ ይህን ካላሰበ በካርቱም ያለው አንባቢ ቀጠሮውን በአንድ ሰዓት ይስታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወሩ በቃል ይጻፍ፣ ዓመቱ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጨመር፣ ሰዓቱ ጠዋት ወይም ማታ ተብሎ የየት አገር እንደሆነ ይጠቀስ። ይህን ለማድረግ የኮምፒዩተር ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ ጥንቁቅ ጸሐፊ መሆን ይበቃል።

የተውሶ ልብስ

ሌላው የጉድለት ምንጭ ትርጉም ነው። አብዛኛው የአማርኛ ድረ ገጽ የሚሠራው በእንግሊዝኛ በተሰፋ ቅጽ ላይ ነው። ልብሱ ለሌላ ገላ ስለተሰፋ አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ ሌላው ጋ ይሰፋል። ቃላቱን ያለ ዐውዳቸው አንድ በአንድ የሚተረጉም ሰው ወይም መሣሪያ ሲገኝ «ሆም» የሚለው መነሻ ገጽ መሆኑ ቀርቶ «ቤት» ይሆናል፤ «ሴቭ» የሚለው አስቀምጥ መሆኑ ቀርቶ ነፍስ የሚያድን ይመስል «አድን» ይባላል፤ «ባክ» ደግሞ «ጀርባ» ተብሎ ይቀመጣል። ቀጠሮ ለመያዝ የሚጫነው «ቡክ» የሚለው ቃል «መጽሐፍ» ተብሎ ከተተረጎመ ግን ጉዳዩ ሳቅ አይደለም። ቀጠሮ የፈለገው ሰው «ቀጠሮ ይያዙ» የሚለውን ሲፈልግ ውሎ ሳያገኘው ይመለሳል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

አክብሮትም የአሠራሩ አካል ነው። በዕድሜ ለገፉ እናት «ስምህን አስገባ» የሚል ቅጽ የቴክኒክ ስሕተት የለበትም፤ የባሕል ስሕተት ግን አለበት። አማርኛ አንቱታ ያለው ቋንቋ ነው፤ «ስምዎን ያስገቡ» ለወንዱም ለሴቷም፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ይሆናል። የስም አጠያየቁም እንዲሁ መስተካከል ይገባዋል። የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን ለኢትዮጵያዊ እንቆቅልሽ ነው፤ የአባቱን ይጻፍ ወይስ የአያቱን? በሱዳን ሰነዶች ላይ የራስ፣ የአባት፣ የአያትና የቅድመ አያት ስም በተርታ ይጠየቃል። የካርቱሙ ኢትዮጵያዊ በዚህኛው ቅጽ አንድ ስም፣ በዚያኛው ሌላ ስም ይዞ ሲገኝ ተጠያቂው እሱ ይሆናል። «የእርስዎ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በዐረብኛና በአማርኛ ጎን ለጎን በሚዘጋጁ ገጾች ላይ ደግሞ የአቅጣጫ ችግር ይታያል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ቅጹ ለዐረብኛ ተሠርቶ አማርኛው ከተጨመረበት ዓምዱ በቀኝ ዳር ይለጠፋል፣ አራት ነጥቡም ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሸሽቶ መጀመሪያው ላይ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ አቅጣጫውን ለይቶ መንገር የአንድ ቃል ትእዛዝ ነው። የቋንቋ መምረጫውም በባንዲራ መሆን የለበትም፤ ባንዲራ አገርን እንጂ ቋንቋን አያመለክትም። ዐረብኛ እየተናገሩ ዐረብኛ ማንበብ የማይችሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን በካርቱም ኖረዋል። ለእነሱ «አማርኛ» የሚለው ቃል በራሱ በአማርኛ ፊደል ከገጹ አናት ላይ ተጽፎ ሊታያቸው ይገባል።

በመጨረሻም የመፈለጊያ ሣጥን አለ። ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። አንዱ «ሠራተኛ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሰራተኛ» ይላል። ፊደሎቹን እንደ ባዕድ የሚቆጥር መፈለጊያ ግማሹን መልስ ደብቆ «አልተገኘም» ይላል። ጥሩ መፈለጊያ የአንባቢውን ፊደል ሳያርም የሁለቱንም ያመጣለታል። ሊቃውንቱ ስለ ፊደል ቅነሳ ያላቸው ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መኖሪያ ፈቃዱን የሚፈልግ ሰው ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ

ነቀፋ ብቻውን ሒስ አይሆንምና የሚመሰገነውንም መጥቀስ ተገቢ ነው። በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው የአማርኛው ውክፔዲያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገጹ ነጭ፣ ፊደሉ ጥቁር፣ ጽሑፉ እውነተኛ ጽሑፍ ነው፤ የንግድ ማስታወቂያ የለበትም፤ የቋንቋዎች ዝርዝርም እያንዳንዱ በገዛ ስሙና ፊደሉ ተጽፏል። በርካሽ ስልክም ይከፈታል። እርግጥ ነው፣ ብዙ መጣጥፎቹ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር አያልፉም፣ ያልተተረጎሙ የእንግሊዝኛ ቃላትም እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ። የአማርኛ አንባቢ በዚህ ቤት የሚያጣው ምግቡን እንጂ መግቢያውን አይደለም። በሌሎች ብዙ ገጾች ግን ምግቡ ሞልቶ መግቢያው ታጥቷል።

አዘጋጆቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያም አለ። ገንዘብ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ ማስታወቂያው ካልተለጠፈ ደግሞ ደመወዝ አይከፈልም ይላሉ። የመጨረሻው ነጥብ ሐቅ ስላለበት በቀላሉ ሊጣል አይገባም። ሆኖም ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቁት ምን ያህሎቹ ናቸው? ማስታወቂያን በጽሑፍ መጻፍ ከፎቶግራፍ አይወደድም። ቀንን አሟልቶ መጻፍ ገንዘብ አያስወጣም። ስልክ ቁጥርን ከገጹ አናት ላይ ማስቀመጥ፣ ሥዕልን ማሳነስ፣ ቀለምን መቀነስ ሁሉም ወጪ የሚቀንሱ እንጂ የሚጨምሩ አይደሉም። የጎደለው አንባቢውን ማሰብ ነው። ገጹ የሚሠራው በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ባለ ሰፊ ስክሪን ፊት ነው፤ የሚነበበው ግን በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ላይ ነው።

ስለዚህ ድረ ገጽ ያሠራ ማንኛውም ማኅበር፣ እድር፣ ቤተ እምነት ወይም መሥሪያ ቤት ሥራውን ከመረከቡ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ቢያደርግ ይጠቀማል። ርካሽ ስልክ ይወሰድ። መስመሩ ደካማ ወደሆነበት ቦታ ይኬድ። ገጹን አይተው ለማያውቁ አንዲት እናት ስልኩ ይሰጣቸውና «ለመመለስ የሚያስፈልገውን ሰነድና የሚደወልበትን ቁጥር ያግኙልን» ይባሉ። ማንም አይርዳቸው። በሁለት ደቂቃ ካገኙት ገጹ ደኅና ነው። ካላገኙት ስሕተቱ የእሳቸው አይደለም፤ አርማው ምንም ያህል ቢያምር ገጹ ይፈታ፣ እንደገናም ይሠራ።

በማርች 2025 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ከተማዋ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ በገዳሪፍ፣ በመተማና ከዚያም ባሻገር ተበትነዋል። ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ መንገዱ፣ ሰነዱ፣ ቀኑ፣ ስልኩ። በአገር ቤት እንግዳ ደጅ ሲደርስ «ቤቶች» ብሎ ድምፁን ያሰማል፣ ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ» የሚል መልስ ያገኛል። የአማርኛ ድረ ገጽም ከካርቱም ለሚጠራው እንግዳ ያንን መልስ የሚሰጠው ደጁን ሲከፍትለት ነው።